ልብስና ጨዋነት በደቡብ ኦሞ ልጃገረዶች ዘንድ

ከደጋው አገር ወደ ጂንካ የወረደ ሰው በቅዳሜ ገበያ መካከል ቆሞ የበናን ወይም የሐመርን ልጃገረድ ሲመለከት፣ በመጀመሪያ አፉ ላይ የሚመጣለት ቃል «ራቁት» የሚለው ነው። ቃሉ ግን ያየውን ነገር በትክክል አይገልጽም። ልጃገረዲቱ ከወገቧ በላይ ጨርቅ ባትደርብም ከፊትና ከኋላ የፍየል ቆዳ ታጥቃለች፤ ቆዳው በዶቃና በዛጎል አጊጧል፤ በአንገቷ ጨሌ፣ በክንዷና በእግሯ የብረት አምባር ደርድራለች። ይህን ሁሉ ያደረገችው ለጌጥ ብቻ አይደለም። ማን እንደ ሆነች፣ በማን ቤት እንዳለች፣ ታጭታ ወይም አግብታ እንደ ሆነ ለሚያውቅ ሰው ከሩቅ ይነገረዋል። ራቁት የሚያሰኘው እንግዲህ የጨርቅ ማነስ ከሆነ፣ ይህች ልጅ ራቁት ናት፤ የምልክት ማጣት ከሆነ ግን በዚያ ገበያ ውስጥ ከእርስዋ ይልቅ ራቁቱን የቆመው እንግዳው ነው።

የልብስ ጨዋነት ምን እንደ ሆነ ለመወሰን የሚነሣ ሕግ ሁሉ በዚህ ስፍራ ሲደርስ አንድ ችግር ይገጥመዋል። ሕጉ ከሌላ አገር የመጣ ከሆነ ጨዋነትን በገላ መሸፈን ይለካል፤ የአገሩ ልማድ ግን የሚለካው ምልክቱ ከባለቤቲቱ ማዕርግ ጋር በመስማማቱ ነው። ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤትና መንግሥት በየበኩላቸው ልብስን የሚመለከት ደንብ ይዘው ወደ ኦሞ ሸለቆ ገብተዋል። ከእነዚህ መካከል ስለ ወጣት ሴቶች አለባበስ በጽሑፍ ብዙ የተናገረችው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ስለ ሆነች፣ ትምህርቷን ከአገሩ ልማድ አጠገብ አድርጎ መመልከት ነገሩን ያጠራዋል።

ጂንካ የተቈረቈረችው በአሪ ሕዝብ አገር ነው። አሪዎች በደጋው እንሰትና እህል የሚያበቅሉ ገበሬዎች ናቸው። ከእነርሱ በታች በቆላው በናና ሐመር፣ በሻዳና ካራ፣ ጸማይና አርቦሬ፣ በኦሞ ወንዝ ግራና ቀኝ ደግሞ ዳሰነች፣ ኛንጋቶም፣ ሙርሲና ቦዲ ይኖራሉ። በ2007 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ሐመሮች ከ46 ሺህ በላይ፣ ሙርሲዎች ግን 7 ሺህ 500 ያህል ነበሩ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው)።

በ1890ዎቹ መጨረሻ የዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት እስከ ቱርካና ሐይቅ ሲደርስ፣ በአሪ ደጋ የሰፈሩት ወታደሮችና ቤተ ሰቦቻቸው ሸማና ቀሚስ ለባሾች ነበሩ። የአሪ ሴት በዚያን ጊዜ ከእንሰት ቃጫ የተሠራ ሽርጥ፣ የቆላዋ ሴት ደግሞ ቆዳ ትታጠቅ ነበር። ገባሩና የሚገብርለት ሰው ገና ከሩቅ በልብስ ይለዩ ነበር ማለት ነው። ከዚህም የተነሣ «ልበሺ» የሚለው ምክር በዚህ አገር ከመጀመሪያው ጀምሮ የጨዋነት ምክር ብቻ ሆኖ አልተሰማም፤ «ከእነማን ወገን ነሽ?» የሚል ጥያቄም ነበረበት። ዛሬም ቢሆን ይህ ጥያቄ ከነገሩ ውስጥ ጨርሶ አልወጣም።

ስለ ሐመር ሴቶች ብዙ የታወቀው ከ1970 ጀምሮ በመካከላቸው እየኖሩ ባጠኑት በዢን ላይዳልና በኢቮ ሽትሬከር ሥራ ነው። ሁለቱ በ1979 ስለ ሐመር በሦስት ቅጽ የተዘጋጀ መጽሐፍ አሳተሙ። ላይዳል ደግሞ ኋላ ከጆአና ሄድ ጋር ሆነው የሴቶቹን ኑሮ በራሳቸው በሴቶቹ አንደበት የሚያሳዩ ሦስት ፊልሞች በ1990፣ በ1991 እና በ1994 አወጡ። ከእነዚህ ሥራዎች የሚገኘው ትልቁ ትምህርት የሐመር ሴት ልብስ እንደ መዝገብ የሚነበብ መሆኑ ነው። ሴቲቱ ስታገባ ወደ ባሏ እናት ቤት ትገባለች፤ አማቷም በቅቤና በቀይ አፈር ትቀባታለች፤ የሙሽርነቷ ወራት እስኪያልቅም በአማቷ እጅ ትቆያለች። ያገባች ሴት ጠጕሯ በቀጭን በቀጭኑ ተገምዶ በዚያው ቅቤና ቀይ አፈር ይሠራል። በአንገቷም «ኤሰንቴ» የሚባሉ ወፋፍራም የብረት ቀለበቶች ታደርጋለች። የመጀመሪያ ሚስት የሆነች እንደ ሆነ፣ ከእነዚህ በላይ «ቢኜሬ» የተባለ፣ ከፊቱ ብረት የወጣለት የቆዳ አንገትጌ ይጨመርላታል። ሁለተኛዪቱና ሦስተኛዪቱ ሚስት ይህን አያደርጉም። ስለዚህ በዲመካ ወይም በቱርሚ ገበያ የምትመጣ ሴት አፍ ሳትከፍት፣ ማግባቷና በባሏ ቤት ያላት ማዕርግ በአንገቷ ላይ ይታያል። ደገኛው ክርስቲያን በማተቡ እንደሚታወቅ ሁሉ፣ እርስዋም በአንገቷ ብረት ትታወቃለች፤ ብረቱ ግን ከማተብ ይልቅ ብዙ ይናገራል።

ከምልክቶቹ ሁሉ ለእንግዳው ሰው እጅግ የሚከብደው የጀርባው ጠባሳ ነው። አንድ የሐመር ጎረምሳ በከብቶች ላይ ዘልሎ ለማግባት ሲበቃ፣ እኅቶቹና የዘመዶቹ ሴቶች ልጆች በአለንጋ ይገረፋሉ፤ አለንጋውንም ራሳቸው ተሽቀዳድመው ይጠይቃሉ። የዳነው ቍስል በጀርባ ላይ ጐልቶ ይቀራል። ጠባሳው ለወንድሟ የታገሠችው ሕመም ማስረጃ ነው፤ ወደ ፊት ችግር ቢደርስባት፣ ባሏ ቢሞት ወይም ቢበድላት፣ ወንድሟ እንዲደርስላት የምትጠይቅበት መብት በዚያ ተጽፏል። ልማዱ መልካም ነው ወይስ ጐጂ የሚለው ክርክር የታወቀ ነው፤ ሊናቅም አይገባም። ስለ ልብስ ለሚያጠና ሰው ግን ሌላ ነገር ይገለጥለታል፤ ይኸውም ጀርባዋን የሚሸፍን ሸሚዝ ሲሰጣት፣ ሰጪው ዕርቃን የሸፈነ ሲመስለው፣ የሰነድ መዝገብ እንደ ዘጋ ሊቈጠር መቻሉ ነው።

ይህ ማለት ግን በሐመር ነውር የሚባል ነገር የለም ማለት አይደለም። ከፊት የምትታጠቀው ቆዳ ሳይታጠቅ መታየት በእነርሱም ዘንድ የሚያሳፍር ነው። ከዚህም በላይ የነውሩ ትልቁ ስፍራ ከልብስ ውጭ ይገኛል። ልጃገረዶችና ጎረምሶች በሌሊት ጭፈራ አብረው ሲውሉ ማንም አይነቅፋቸውም፤ ተገቢው ሥርዓት ሳይፈጸም የተፀነሰ ልጅ ግን «ሚንጊ» ይባልና በአገሩ ሁሉ ላይ ድርቅና በሽታ ያመጣል ተብሎ ይፈራ ነበር፤ እንዲህ ያሉ ሕፃናትም ይጣሉ ነበር። የካራ ሽማግሌዎች በ2012 ይህን ልማድ በይፋ ትተዋል። ከላይ እንደ ተባለው የደጋው ሰው ነውርን ከገላ መታየት ይጀምራል፤ የሐመር ሰው ግን ከሥርዓት መፍረስ ይጀምራል። ሁለቱ ስለ አንዲት ልጅ ጨዋነት ቢነጋገሩ፣ ቃሉ አንድ ቢሆንም የሚነጋገሩበት ነገር ሁለት ነው።

ደገኛው በዚህ ሊደነቅ አይገባውም፤ የራሱም አለባበስ ከመሸፈን ይልቅ በምልክት የተሞላ ነውና። ነጠላ ለብሳ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ ሴት ነጠላዋን በሁለት ትከሻዋ መስቀል አስመስላ ታጣፋለች፤ ለቅሶ የምትደርስ ሴት ደግሞ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ትለብሳለች። ሁለቱም ያው አንድ ጨርቅ ለብሰዋል፤ የተሸፈነውም ገላ አንድ ነው። ሆኖም ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ሠርግ ቤት የገባች ሴት ብትኖር ነውር አደረገች ይባላል። እንዲሁም «ሳዱላ» የሚለው ቃል ዛሬ በዘፈን ውስጥ የውብ ልጃገረድ ስም ሆኖ ቢቀርም፣ በጥንቱ አገባቡ መሐል አናቷ ተላጭቶ ዙሪያው ጠጕር የቀረላትን፣ ገና ያላገባችውን ልጅ የሚለይ ስም ነበር፤ ስታገባ ጠጕሯን ታሳድጋለች። የአርቦሬ ልጃገረድ ደግሞ እስክታገባ ድረስ ራሷን ተላጭታ ትኖራለች፤ ለፀሐዩም ጥቍር ጨርቅ ትከናነባለች። ከጐንደር ወይም ከሸዋ የመጣ ሽማግሌ የአርቦሬን ልጅ አይቶ የሴት አያቱን ልጅነት ቢያስታውስ ስሕተት አይሆንበትም።

በሙርሲዎች ዘንድ ነገሩ ከልብስ አልፎ ወደ ሥጋ ይገባል። ልጃገረድ ዕድሜዋ 15 ወይም 16 ሲሆን፣ እናቷ ወይም ሌላ ሴት የታችኛውን ከንፈሯን ትበሳለች፤ ቀዳዳውም በእንጨት ውታፍ ቀስ በቀስ እየሰፋ ይሄድና የሸክላ ገበታ የሚገባበት ይሆናል። ስለዚህ ልማድ ሁለት ወሬዎች በየመጽሐፉና በየአስጐብኚው አፍ ይዘዋወራሉ፤ አንደኛው የባሪያ ነጋዴዎች ሴቶቹን እንዳይፈልጓቸው ሆን ተብሎ መልካቸውን ለማበላሸት የተጀመረ ነው የሚል፣ ሁለተኛው ገበታው በሰፋ መጠን የጥሎሹ ከብት ይበዛል የሚል ነው። ሙርሲዎችን ለብዙ ዓመታት ያጠኑት ዴቪድ ተርተን ለመጀመሪያው ማስረጃ አለመኖሩን አስረድተዋል። ሁለተኛውም አይጸናም፤ የብዙ ልጃገረዶች ጥሎሽ ከንፈራቸው ከመበሳቱ በፊት የተነገረ ነውና።

ሾና ላቶስኪ በ2006 ባወጡት ጥናትና በ2013 ባሳተሙት መጽሐፍ ያሳዩት ሌላ ነገር ነው። የሸክላው ገበታ ሁልጊዜ አይደረግም። ሴቲቱ ለባሏ ወይም ለወንዶች እንግዶች ምግብ ስታቀርብ፣ ላም ስታልብ፣ ወንዶች በዱላ በሚገጣጠሙበት ጨዋታና በሥርዓት ቀን ታደርገዋለች፤ ከሴቶችና ከልጆች ጋር ብቻዋን ስትሆን ታወልቀዋለች። ባሏ የሞተባት ሴት ትተወዋለች። ገበታው በከንፈሯ ሳለ በዝግታ መራመድ፣ ራስን ቀና አድርጎ መያዝና መረጋጋት ያስፈልጋል፤ ያልተበሳች ልጅ ደግሞ ሰነፍ ትባል ይሆናል። ይህን የሚያነብ ሰው የደጋዋ ሙሽራ በአማቷ ፊት ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ እንደምትቆም ያስታውሳል። ሁለቱም በወንድና በታላላቆች ፊት ፊታቸውን ያሰናዳሉ፤ አንዲቱ በመሸፈን፣ ሌላይቱ በመጨመር። ሁለተኛው ለደገኛው አስቀያሚ፣ የመጀመሪያው ለሙርሲው ትርጕም የለሽ ሆኖ ቢታይ አያስደንቅም።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በዚህ አገር ብዙ ምእመናን የሏትም። በ2007ቱ ቈጠራ በመላ ኢትዮጵያ ካቶሊኮች ከመቶ 0.7 ብቻ ነበሩ፤ ደቡብ ኦሞም ከእነዚህ ጥቂቱን የያዘ፣ በሶዶ ሐዋርያዊ ቪካርያት ሥር የሚገኝ ምድር ነው። ነገር ግን በጥቂቶች ላይ የሚነሣው ጥያቄ ትንሽ አይደለም። ከሐመር ወይም ከኛንጋቶም መንደር ወጥታ ትምህርተ ክርስቶስ የምትማር ልጃገረድ ስለ ጨዋ ልብስ ሲነገራት የምትሰማው ቃል ረጅም ታሪክ አለው።

በ1917 የወጣው የላቲን ሥርዓት ሕገ ቀኖና፣ በቍጥር 1262፣ ሴቶች ራሳቸውን ተከናንበውና በጨዋነት ለብሰው፣ ይልቁንም ወደ ቅዱስ ቍርባን ሲቀርቡ፣ እንዲገኙ አዝዞ ነበር። በዚያው አንቀጽ ወንዶች ራሳቸውን ገልጠው እንዲቆሙ ሲያዝ፣ የሕዝቦች የጸደቀ ልማድ ሌላ ካልሆነ በቀር የሚል ቃል ጨመረበት፤ ለሴቶች ግን ይህ ቃል አልተጻፈላቸውም። ሕጉ ልማድን ለወንድ አውቆ ለሴት ሳያውቅ ማለፉ፣ ለሥነ ሕዝብ አጥኚ ራሱን የቻለ የጥናት ርእስ ይሆናል። በጥር 1930 በር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ ዘመን ለጳጳሳት የተላለፈው መመሪያ በሴቶች ልብስ ላይ ጥብቅ ነበር። ፒዮስ 12ኛ ግን ኅዳር 1957 በፋሽን ሥራ ለተሰማሩ ሰዎች ባደረጉት ንግግር ነገሩን ሰፋ አድርገው ገለጡት፤ ልብስ ሦስት ግዳጅ አለበት፣ ይኸውም ለጤና፣ ለኀፍረትና ለጌጥ፤ የልማድ መለዋወጥ የቱንም ያህል ቢሰፋ የማይናወጥ አንድ ሥርዓት ግን ይኖራል የሚል ነው። በ1983 የወጣው አዲሱ ሕገ ቀኖና የመከናነብን ትእዛዝ አልደገመውም።

ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድመው ግን የቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ትምህርት ነው። ቶማስ በ13ኛው መቶ ዓመት ስለ ልብስ ልከኛነት ሲጽፍ፣ በጨርቁና በጌጡ በራሱ ጥፋት እንደሌለ፣ ጥፋቱ በተጠቃሚው አለመጠን እንደ ሆነ ያስረዳል፤ የመጠኑም አንዱ መለኪያ አብሯቸው የሚኖራቸው ሰዎች ልማድ ነው ይላል። ይህ ቃል በዲመካ ገበያ ቢነበብ፣ በአባቷ ቤት ያለችው የሐመር ልጅ ቆዳዋን እንደ ማዕርግዋ መታጠቋ ልከኛነት፣ ከጓደኞቿ ለመብለጥ ዶቃና አምባር አለቅጥ መደረቧ ደግሞ ጥፋት ይሆናል። በሮም የነበረው የእምነት ማስፋፊያ ጉባኤም በ1659 ወደ እስያ ለሚሄዱ ሐዋርያውያን በሰጠው መመሪያ፣ ግልጽ ሆኖ ሃይማኖትንና መልካም ጠባይን የሚቃወም ካልሆነ በቀር የሕዝብን ልማድ እንዳይለውጡ አሳስቦ ነበር። በኢትዮጵያ ይህን በገዛ ገላው የፈጸመው አቡነ ያዕቆብ የሚባለው ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ነው፤ በ1839 ዐድዋ ሲገባ የአገሩን መነኵሴ ልብስ ለበሰ፤ የግእዙንም ሥርዓት ተከተለ። ወንጌላዊው ራሱ ልብስ ለውጦ፣ ሕዝቡን ልብስ አላስለወጠም።

እንግዲህ እውነተኛው ግጭት የት ላይ ነው? በገላው መታየት ላይ ቢመስልም፣ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ይልቅ በብረቱ ላይ ነው። የመጀመሪያዪቱን ሚስት የሚለየው ቢኜሬ፣ ሁለተኛ ሚስት ልትኖር እንደምትችል አስቀድሞ የሚናገር ምልክት ነው። ቤተ ክርስቲያን አንድ ለአንድ ጋብቻን ታስተምራለችና፣ የማትቀበለው የሴቲቱን አንገት ሳይሆን አንገቷ የሚናገረውን ሥርዓት ነው። ይህ ልዩነት ሲዘነጋ፣ ጊዜውና ቍጣው በደረት ላይ ያልቃል፤ ስለ ጋብቻው የሚደረገው ከባድ ንግግር ግን ይቀራል። በተቃራኒውም፣ የተጠመቀች ልጅ ቀሚስ ለብሳ ወደ መንደሯ ስትመለስ፣ ዘመዶቿ የሚጠይቋት ስለ ቀሚሱ ርዝመት ሳይሆን፣ ማን ያገባት ዘንድ እንዳሰበችና ጥሎሹን ማን እንደሚቀበል ነው። ቀሚሱ ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሰጥም፤ ቆዳው ግን ይሰጥ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ነገሩን አባባሰው። ደንብ ልብስ የለበሰች ተማሪ የመንግሥት ልጅ ናት፤ የታጨች ትሁን ያልታጨች አይታወቅም። ሳብሪና ማውሩስ በ2021 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ የሐመር ወላጆች ሴት ልጅን ወደ ትምህርት ቤት መስደድ ልጅን እንደ ማጣት የሚቈጥሩበት ምክንያት ነበራቸው፤ አንዳንዶቹ ልጃገረዶች ከማይወዱት ጋብቻ የሚሸሹት በዚያ በኩል ነበርና። በ2014 እና በ2015 በሐመሮችና በመንግሥት ኃይሎች መካከል የተነሣው የትጥቅ ግጭት ካነሣሡት ነገሮች አንዱ ይኸው የሴቶች ልጆች ትምህርት ነበር። ለሸሸችው ልጅ ደንብ ልብሱ ነፃነት ነው፤ ለአባቷ ምልክቱ የጠፋበት ከብት ያህል ነው። ሁለቱም እውነት ስለ ሆኑ፣ የሚያስታርቃቸው ሽማግሌ በቀላሉ አይገኝም።

ከቤተ ክርስቲያንና ከትምህርት ቤት በተቃራኒ የሚጐትተው ደግሞ የጐብኚው ካሜራ ነው። በቱርሚና በዲመካ በቆዳው ላይ ካናቴራ መደረብ ከተለመደ ቈይቷል፤ የሙርሲም ሴቶች ዛሬ በብዛት በአንድ ትከሻ ላይ የሚቋጠር የጥጥ ጨርቅ ይለብሳሉ። ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚከፍለው እንግዳ ግን ካናቴራውን አይፈልግም። ተርተን በ2004 እንደ ጻፉት፣ በሙርሲዎችና በጐብኚዎች መካከል ያለው ግንኙነት ሁለቱንም ወገን የማያስደስት ነው፤ ሴቶቹ ገንዘቡን ለማግኘት ራሳቸው የማያደርጉትን ጌጥ ሁሉ ይደራርባሉ፤ በሆዳቸው ግን እንደ ተናቁ ያውቃሉ። ጨርቅን ሳያወልቁ ኖረው፣ ለገንዘብ ሲሉ ማውለቅ በተጀመረ ጊዜ፣ ገላ በዚያ አገር ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ «ራቁት» ሆነ ቢባል ያስኬዳል። ላይዳልና ሽትሬከር በ2006 ያዘጋጁት፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ስለ ክብርና ስለ ራስ ግምት የሚናገረው የጥናት መድበልም የሚመለከተው ይህን የመሰለውን መዋረድ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀው ግን ጊዜው ነው። ቀሚስና ደንብ ልብስ ይለበሳል፣ ይወልቃል። በጂንካ የምትማር ልጅ በከተማው ቀሚሷን፣ በመንደሯ ቆዳዋን ልትለብስ ትችላለች። የሙርሲ ልጃገረድ ከንፈር ግን አንዴ ከተበሳ እንደ ልብስ አይለወጥም፤ የመንግሥት ሠራተኞች ልማዱን ጐጂ ብለው ሲያወግዙ የሚሰሙት የተበሱትም ያልተበሱትም ናቸው፤ የተበሱት ግን ውግዘቱን በፊታቸው ላይ ተሸክመው ይኖራሉ። በአንዳንድ ስፍራ ልጃገረዶች አንበሳም ማለት ጀምረዋል። ይህን ውሳኔ የሚወስኑት 15 ዓመት ሲሆናቸው ነው፤ በዚያ ዕድሜ የትኛው ገበያ፣ የትኛው ቤተ ክርስቲያን፣ የትኛው አማት እንደሚጠብቃቸው ገና አያውቁም።